ዳዶ ውስጥ የቀረው ሳሙና

የወንድሜ አሠሪ ኦቦ ዲንሳ ከእኔ ጋር ሁልጊዜ በአማርኛ ነው የሚያወሩት። አማርኛቸው ይሰናከላል። መሀል ላይ ቆመው ቃል ይፈልጋሉ፣ ሲያጡት ይስቃሉ፤ ግን ለእኔ ብለው አይተዉትም። የዚያን ቀን ጠዋት ስልኬን ሳነሳ በኦሮምኛ ጀመሩ። «ደርቤ፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ «ጀባዱ» አሉ፤ በርታ። እኔ አኖ ከተማ፣ የምሠራበት ወፍጮ ቤት በር ላይ ቆሜ ነበር። ከኋላዬ ወፍጮው ይጮኻል። ሌላም ነገር ብለው ይሆናል፤ አልሰማሁም። ወንድሜ ሲሳይ መሞቱን ያወቅሁት እንዲህ ነው። ማንም «ሞተ» ሳይለኝ።

ከአኖ ነቀምቴ ሩቅ አይደለም። ጠዋት የተነሳ ሰው ሳይረፍድ ይደርሳል። የዚያን ቀን ግን መንገዱ ተዘግቶ ነበር። መንገድ መዘጋት እኛ ዘንድ እንደ ዝናብ ነው፤ ሰው መቼ እንደሚያባራ ይጠያየቃል እንጂ ለምን ዘነበ አይልም። ቀብሩን ያስፈጸሙት ኦቦ ዲንሳ ናቸው። እሳቸው ፕሮቴስታንት ናቸው፣ እኛ ኦርቶዶክስ። ቄስ ፈልገው፣ ፍትሐት አስደርገው፣ ከጋራዡ ሠራተኞች ጋር ሆነው ቀበሩት። እኔም እናታችንም አልነበርንም።

ስለ እሱ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ተነስቻለሁ። ከየት እንደሚጀመር አላውቅም። ከሥራው ልጀምር። ሥራውን ያየ ሰው እሱን አይቶታል።

አያ ሲሳይ፣ ታላቄ ስለሆነ «አያ» ነው የምለው፣ ነቀምቴ ኦቦ ዲንሳ ጋራዥ ውስጥ ባትላሜራ ነበር። የመኪና ላሜራ የሚቀጠቅጥ፣ የሚቆርጥ፣ የሚገጥም ማለት ነው። ሚኒባስ ገዝቶ ሕዝብ ለማመላለስ የሚያዘጋጅ ሰው እሱ ጋ ይመጣል። ወንበር ያስራል፣ የዕቃ መደርደሪያ ይሰቅላል፣ መወጣጫው አጠገብ መያዣ ይገጥማል። ብዙ ሰው ይህን ሁሉ በብየዳ ነው የሚጨርሰው። እሱ ብየዳ አይወድም ነበር። «ብየዳ ቀለሙን ያቃጥላል። አንተ ብትረሳው የወለጋ ዝናብ አይረሳውም» ይል ነበር። ይዝጋል ማለቱ ነው።

እሱ የሚወዳት አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች። ጋራዡ ውስጥ ሪቬት ዳዶ ይሏታል። እንዴት ልግለጻት። የሚኒባስ ግድግዳ ድርብ ነው። የውጪ ላሜራ አለ፣ የውስጥ ላሜራ አለ፣ መሀሉ ባዶ ነው። እዚያ ላይ ቡሎን ላስር ብትል ከኋላ ሆኖ ዳዶውን የሚይዝልህ እጅ አይገባም። ሪቬት ዳዶ አጭር ቱቦ ትመስላለች። ውስጧ እንደ ዳዶ ጥርስ አለው፣ አፏ ላይ ትንሽ ከንፈር አላት። ላሜራውን ትበሳለህ፣ እሷን ትከታለህ፣ ከዚያ በመሣሪያ ወደ ራስህ ትስባታለህ። ስትሳብ ከኋላ፣ ማንም በማያየው በኩል፣ ታብጥና ላሜራውን ትነክሳለች። ከዚያ በኋላ አትወጣም። ቡሎኑን ከፊት ማስገባት ብቻ ነው።

የመሳቢያው መሣሪያ ሲበላሽ አያ ሲሳይ ከአዲስ አበባ ሌላ እስኪመጣ አልጠበቀም። ረዘም ካለ ቡሎን፣ ከሮንዴላና ከዳዶ የራሱን ሠራ። በአንድ መፍቻ ይይዛል፣ በሌላው ቀስ እያለ ያጠብቃል። ያኔ ምላሱ በከንፈሩ ጥግ ብቅ ይላል። መቼ እንደሚበቃት እንዴት ታውቃለህ ብዬ ጠይቄው ነበር። መፍቻውን አስቀምጦ እጄን ጨበጠኝ።

«እንዲህ ነው» አለ። «ስትጨብጠው እሱም የሚጨብጥህ ሰዓት አለ። ከዚያ ወዲያ ብትጨምር ማሳመም ነው።»

ሲበሳም አመል ነበረው። የመብሻው፣ የትራፓኖው ማለት ነው፣ ጫፍ ላይ የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ ያጠልቃል፤ ዘሎ ገብቶ የውጪውን ላሜራ ወይም በመሀል የሚያልፈውን ሽቦ እንዳይነካ። ቀዳዳው ልክክ ማለት አለበት። ከሰፋ ዳዶዋ ቦታዋ ላይ ትሽከረከራለች፤ ቡሎኑ አይጠብቅም፣ ልፍታውም ብትል አይወጣም።

አንድ ቀን ልጠይቀው ሄጄ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ እንዲህ ያለ ነገር ገጠማቸው። አብሮት የሚሠራ ሰው የወንበር እግር የሚታሰርበትን ቀዳዳ አስፍቶት ዳዶዋ ትሽከረከራለች። ሰውየው በማስቲሽ ሊደፍናት ነው። ሚኒባሱ የገለታ ነው። ገለታ ነቀምቴና አኖ መሀል የሚሠራ ሹፌር ነው፣ አፉ አያርፍም፣ ልቡ ግን ለስላሳ ነው። ያን ቀን ቸኩሏል። ተሳፋሪ መናኸሪያ ይጠብቀዋል።

«ተወው በቃ! ከምንጣፉ ሥር ነው። ማን ያየዋል?» አለ ገለታ።

«የሚቀመጥበት ሰው ያየዋል» አለ አያ ሲሳይ።

«በምኑ ነው የሚያየው?»

«በመቀመጫው!»

ጋራዡ በሙሉ ሳቀ። ገለታ እየተራገመ ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አያ ሲሳይ ዳዶዋን ቆርጦ አወጣና ከፍ ያለ ቁጥር ያላት ሌላ አስገባ። ወንበሩን አስሮ ሲጨርስ እላዩ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ዘለለ። ከዚያ «ና፣ አንተም ዝለል» አለው። ገለታ ተኮሳትሮ መጣ፣ ዘለለ፣ ሳቁ አመለጠው።

ቡሎን ሲያስገባ በመፍቻ አይጀምርም። በጣቱ ነው። «በጣት እምቢ ያለ ቡሎን በመፍቻ ከገባ ጥርስ ሰብሮ ነው የገባው» ይላል። ለዚህም ይመስለኛል ኪሱ ውስጥ የልብስ ሳሙና ቁራጭ የማይጠፋው። ዳዶዋን ከላሜራው ጋር ካስያዘ በኋላ ውስጧን በሳሙና ይደፍናታል። አቧራ አይገባባትም፣ ቀለም ሲቀባ ጥርሷ አይሞላም። ቡሎኑ ሲገባ ደግሞ ሳሙናው እየተጨመቀ ይወጣል፤ ቡሎኑም ሳያቃስት ይገባል። ሌሎቹ ግሪስ ነው የሚያደርጉት። እሱ ግሪስ አይነካም።

«ግሪስ ነጠላ ያበላሻል» ይላል። «አሮጊት ይዛው ትወጣለች እኮ።»

ኦቦ ዲንሳ በዚህ ሳሙና አይለቁትም ነበር። «ሲሳይ ለዳዶ ሳሙና ይሰጣል፣ ለእጁ ግን ይነፍጋል!» እውነት ነው፣ እጁ ጥቁር ነበር። ጥፍሮቹማ ታጥበውም አይነጹም። እሁድ አኖ ሲመጣ ግን እናታችን ስታቅፈው ከኪሱ የሳሙናው ሽታ ይመጣል። «ልጄ ንጹሕ ነው» ትላለች ለጎረቤት። «ጋራዥ ነው የሚሠራው ቢሏችሁ ታምናላችሁ? ሁሌ ሳሙና ሳሙና ይላል።» እሱ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ ይቆማል። እኔ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ውጪ እወጣለሁ።

አባታችን በደርግ ጊዜ ከወሎ ለሰፈራ መጥቶ አንገር ጉቲን ነው የኖረው። እኛም እዚያ ተወለድን፣ እሱም እዚያው አረፈ። ጊዜው ሲከፋ እናቴና እኔ አኖ ገባን። አያ ሲሳይ ቀድሞ ነቀምቴ ሥራ ለምዶ ነበር። በዚያ ክፉ ሰሞን ኦቦ ዲንሳ «የኔ ልጅ ነው» ብለው ከልጆቻቸው ጋር አስተኝተውታል። ይህን የነገሩኝ እሳቸው አይደሉም፣ እሱ ነው። ኦሮምኛው ጥሩ ነበር፤ ግን የወሎ ዜማ አለበት። «አካም» ብሎ ሰላምታ ከጀመረ ልጁን፣ ከብቱን፣ እህሉን፣ የጎረቤቱን ጤና ሳይጠይቅ አያበቃም። የጋራዡ ሰዎች «ይሄ ወሎዬ ሰላም ብሎ ሳይጨርስ መኪናው ይዝጋል» ይሉታል።

መያዣ ግጠምልኝ ለሚለው ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበረው። «ማን ነው የሚይዘው?»

ባለመኪናው ግራ ይገባዋል። ተሳፋሪ ነዋ ይላል።

«የትኛው ተሳፋሪ?»

ከዚያ አያ ሲሳይ የገበያ ቀን ጠብቆ የጋራዡ በር ላይ ይቆማል። አንድ ጊዜ አይቻለሁ። አንጮቴ የሚባለውን ሥራ ሥር በቅርጫት የተሸከመች ሴትዮ ስታልፍ ጠራት። «ማሎ አዮ፣ ኮቱ!» እባክሽ እናቴ፣ ነይ ማለት ነው። ሴትዮዋ ቆመች።

«ምን ፈለግህ?»

«እዚህ መኪና ላይ ውጪልኝ።»

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«የትም አይሄድም። ሞተሩ ወርዷል።»

ሴትዮዋ ቅርጫቷን መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ ውስጥ ተጣራች። «ኦቦ ዲንሳ! ይህን ልጅ አሳክሙት! ሞተር በሌለው መኪና ሊያሳፍረኝ ነው!»

«ውጪለት» አሉ ኦቦ ዲንሳ ከውስጥ። «ለሰርግ ይሆናል።»

«ለሰርግ ከሆነ ሙሽራው የታለ?»

«እኔስ ምን ጎደለኝ?»

«እርስዎማ ጥርስ!»

እየሳቀች እጇን ዘርግታ ወጣች። አያ ሲሳይ አብሯት አልሳቀም። ዓይኑ እጇ ላይ ነበር። እጇ ለመያዝ የሄደበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አደረገ። ከዚያ ሌላ ሴት ጠራ፣ ከዚያ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ። ምልክቱ የበዛበት ቦታ ላይ በሳ። ዛሬ በአንገር ጉቲን መስመርም በጊምቢ መስመርም በሚሠሩ ሚኒባሶች ላይ ሰው ሳያየው የሚይዘው ብረት አለ። የዚያች ሴትዮ እጅ የመረጠው ነው። እሷ አታውቅም።

ይህ አመል የመጣው ከእናታችን ነው ብዬ አስባለሁ።

እናታችን አኖ ላይ ሚኒባስ ስትወጣ ወድቃለች። ግራ እጇ የያዘው በሩን ነበር። በሩ የሚንሸራተት ነው፤ ተንሸራተተ። በቀኝ ትከሻዋ ወደቀች። ወጌሻ አሽቶ ጠገናት፤ ግን ቀኝ እጇ ከዚያ ወዲህ ከደረቷ በላይ አይነሳም። የመኪና መያዣ ደግሞ ከላይ ነው። ቀኟ አይደርስበትም፣ ግራዋ የሚያገኘው ያንኑ በር ነው። መኪና አልወጣም አለች። ደግፈን እናውጣሽ ስንላት ተቆጣች።

«ሬሳ ነኝ እንዴ? በሰው እጅ መኪና የምገባው የሞትኩ ቀን ነው። በእግሬ ካልወጣሁ አልወጣም።»

እናታችን ያለችውን አታጥፍም። ስለዚህ ልጇ የሚሠራበትን ጋራዥ አይታው አታውቅም። እሱ እሁድ እሁድ ይመጣል። መንገድ ሲዘጋ ይቀራል። በቀረ ቀን ደጅ ላይ፣ ፊቷን ወደ አስፋልቱ አድርጋ ትቀመጣለች። ግቢ ስላት «አየሩ ደስ ብሎኝ ነው» ትለኛለች።

ከመታመሙ በፊት አንድ እሁድ መጥቶ፣ ምሳ በልተን ግቢው ውስጥ ቆመን ሳለ እንዲህ አላት።

«እምዬ፣ እስኪ ቀኝ እጅሽን አንሺልኝ።»

«ምን ልትሰቅልበት?»

«አንሺው ብቻ። እስከሚችልልሽ።»

አነሳችው። አጠገቧ ተጠግቶ ቆመ። ጡጫዋ የሸሚዙን መሀል ቁልፍ ነካ። ሜትር አላወጣም፣ አልጻፈም። ያችን ቁልፍ በጣቱ ይዞ ትንሽ ቆየ።

«ነቀምቴ ልወስድሽ ነው» አላት።

«እኔን?»

«በእግርሽ ነው የምትወጪው። ማንም አይነካሽም።»

ሲሄድ ትልቁን ነጠላዋን አውጥታ አጠበች። ደርቆ ሲያበቃ አጥፋ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ለምን አጠብሽው አላልኳትም።

ብዙም ሳይቆይ ታመመ። ጉበቱ ነው አሉ። ሆስፒታል ሲተኛ ሄጄ አስታመምኩት። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነበር። ሕመሙ ሲተወው አልጋውን ይነካካል፤ የአልጋው ብረት የላላ ነበርና በጣቱ እያጠበቀ ያስቃቸዋል፣ ነርሶቹን። ኦቦ ዲንሳ ሾርባ ይዘው ሲመጡ «ይህን ሰው ቶሎ አውጡት፣ ሆስፒታሉን ይፈታታዋል» ይላሉ። ሻል አለው። ምግብ ተቀበለ። ያኔ ነው «ሂድ፣ እምዬ ብቻዋን ናት» ያለኝ። አልሄድም ስለው «እኔ ሰው አለኝ» አለና በአገጩ ወደ ኦቦ ዲንሳ አሳየኝ። ስወጣ ደግሞ ጠራኝ።

«አንዲት ሥራ ጀምሬ ትቻለሁ። ስወጣ እሷን ነው የምጨርሰው።»

ሁሌም የጀመረው ሥራ አለው። የትኛዋን አላልኩትም። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ከዚያ ስልኩ ተደወለ።

ልቅሶው አኖ ላይ ሆነ። ጎረቤቶቻችን መጥተው አብረውን ተቀመጡ፤ በኦሮምኛ የሚያለቅሰው በኦሮምኛ፣ በአማርኛ የሚያለቅሰው በአማርኛ። እናታችን ብዙ አልጮኸችም። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «የተኛበትን አፈር ልየው።»

መንገዱ ተከፈተ። ሰው ሁሉ ተነስቶ እናድርስሽ አላት። ሁለት ጎረምሳ ከፍ አድርጎ ቢያስገባት የአፍታ ነገር ነው። እምቢ አለች። ከጎረቤቶቻችን አንዷ ተንበርክካ ለመነቻት።

«አዮ፣ ለዛሬ ብቻ ተነሺልን። ልጅሽ ነው እኮ።»

«ልጄማ ማንም አይነካሽም ብሎኛል» አለች። «በእግርሽ ነው ብሎኛል። እሱ ያለኝን ትቼ ተሸክማችሁኝ ልሂድ?»

ምግብ እየተወች ሄደች። ደጅ ትወጣለች፣ ፊቷን ወደ አስፋልቱ አድርጋ ትቀመጣለች። አሁን አየሩ ደስ ብሎኝ ነው አትልም። እንዲህ እንደተቀመጠች ልጇ የተኛበትን ሳታይ እንዳታልፍ ፈራሁ። ሌላ ምንም አላሳሰበኝም።

ልብሱን ላመጣ ነቀምቴ ሄድኩ። መጀመሪያ መቃብሩ ጋ ነው የሄድኩት። አፈሩ ገና ቀይ ነበር። ራስጌው ላይ የጋራዡ ሰዎች ከላሜራ ቆርጠው የሠሩት መስቀል ቆሟል፤ ጠርዙ እንዳይቆርጥ ዙሪያውን በሞረድ አለስልሰውታል። እጄን አስኬድኩበት። ከእሱ ነው የተማሩት።

ጋራዡ ስደርስ ኦቦ ዲንሳ አቀፉኝ። የእሱ ካፖርት ሚስማሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር። እያወረድኩት ሳለ ገለታ ሚኒባሱን ይዞ ገባ። አይቶኝ ወረደ፤ ትከሻዬን ሳመ፤ አለቀሰ። ከዚያ ገለታ ስለሆነ ዓይኑን ጠርጎ ይጣላኝ ጀመር።

«ያ ወንድምህ ግን መኪናዬን በስቶብኝ ሄደ!»

«የት ጋ?»

«ና እይ! ወንበር አጥብቅልኝ ብዬ ትቼለት ብመለስ፣ ያላዘዝኩትን በስቷል።»

የሚንሸራተተውን በር ከፈተ። ከፊት ወንበር ጀርባ ባለው ቋሚ ላይ፣ ከላይ የድሮው መያዣ አለ። ከእሱ በጣም ዝቅ ብሎ፣ አንዱ ከአንዱ በታች፣ ፕላስተር የተለጠፈባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ።

«ምንድነው ስለው መያዣ ነው አለኝ» አለ ገለታ። «እዚህ ታች ማን ይይዛል? ለድንክ ነው? ስለው፣ ባለቤት አለው አለኝ። ቧንቧውን ነገ አጥፌ እገጥምልሃለሁ አለ። በማግስቱ ሆስፒታል ገባ።» ፕላስተሩን በጣቱ ነካ አደረገው። «በማስቲሽ ልደፍነው ነበር። እንጃ፣ እጄ እምቢ አለኝ።»

እኔና አያ ሲሳይ ቁመታችን እኩል ነው። ወደ ቋሚው ተጠግቼ ቆምኩ። የሁለቱ ፕላስተሮች መሀል የሸሚዜ መሀል ቁልፍ ጋ መጣ።

«የእምዬ ነው» አልኩ። «ለእምዬ ነው።»

ኦቦ ዲንሳ ወደ አያ ሲሳይ መሥሪያ ጠረጴዛ ሄዱ። ጎንበስ ብለው ከሥሩ አንድ ቧንቧ አወጡ። ተቆርጧል፣ ሁለቱ ጫፎቹ ተደፍጥጠው ተበስተዋል። መታጠፍ ብቻ ነው የቀረው። ኦቦ ዲንሳ በእጃቸው መሥራት ከተዉ ቆይተዋል። ያን ቀን ግን ማንንም አላስጠጉም። ቧንቧውን ብረት መንከሻው ሞርሳ ላይ አስረው ራሳቸው አጠፉት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት፣ ጉንጫቸው ላይ አድርገው ሻካራ መሆን አለመሆኑን አዩ።

ፕላስተሩን ላጥኩት። ዳዶዎቹ እዚያው ነበሩ። ውስጣቸው ነጭ ነው። ሳሙና።

ኦቦ ዲንሳ ቡሎኖቹንና መፍቻውን ሰጡኝ። ከዚያ መፍቻውን መልሰው ወሰዱት።

«በጣት» አሉ። በአማርኛ።

ቡሎኑን አስጠጋሁ። ከዚያ ሁሉ አቧራ በኋላ፣ ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ እምቢ ይላል ብዬ ነበር። አዞርኩት፤ ያዘ። እንደገና አዞርኩት። ሳያቃስት ገባ፤ በዙሪያው ሳሙናው እንደ ቀጭን ክር እየተጠቀለለ ወጣ፣ ቧንቧው ላይም ተቀባ። ሁለተኛውም እንዲሁ። መጨረሻ ላይ ብቻ በመፍቻ አጠበቅሁት። ጨበጥኩት፣ ጨበጠኝ። እዚያ ላይ ተውኩት።

ኦቦ ዲንሳ ከባድ ሰው ናቸው። መጥተው መያዣውን በሁለት እጃቸው ይዘው እግራቸውን አነሱና ተንጠለጠሉበት። ሚኒባሱ ወደ ጎን አዘነበለ።

«ኦቦ ዲንሳ! መኪናዬን ገለበጡት!» ብሎ ጮኸ ገለታ።

«ዝም በል! እኔ የሲሳይን ሥራ እየሞከርኩ አይደለም። ያንተን መኪና ነው» አሉ። ሲወርዱ ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

ገለታ መናኸሪያ አልገባም፣ ተሳፋሪም አልጫነም። በቀጥታ አኖ፣ ደጃችን ድረስ አመጣኝ። እናታችን እንደልማዷ ወደ አስፋልቱ ዞራ ተቀምጣለች። በሩን ከፍቼ አሳየኋት።

«እምዬ፣ አያ ሲሳይ ያለሽ ይሄ ነው።»

አየችው። ተነስታ ወደ ቤት ገባች። እምቢ አለች ብዬ ቆምኩ። ስትመለስ ያንን ነጠላ ለብሳለች፤ ከታጠበበት ቀን ጀምሮ እንደታጠፈ ነበርና መሀሉ ላይ የእጥፋቱ መስመር ይታያል።

ጎረቤቶች ወጡ። የሚንሸራተተውን በር አየሁት፤ ገለታ በገመድ አስሮታል። እኔ አላልኩትም። እሱም እንዳይረዳት፣ ሊረዳት የፈለገም እንዳይመስል ጀርባውን ሰጥቶን ጎማውን ያያል።

ቀኝ እጇን አነሳች። እጇ እስከሚችለው ድረስ ሄደ፤ የሚያቆምበት ቦታ ላይ መያዣው ነበር። ያዘችው። እግሯን መወጣጫው ላይ አደረገች። ራሷን ወደ ላይ ሳበች። እጄን ወደ እሷ እንዳልዘረጋ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ወጣች።

በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ትንፋሿ ሲመለስላት መዳፏን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው።

«ሳሙና ነው» አለች። ወደ እኔ ዞረች። «እጁን ታጥቦ ነው የሠራው።»

ገለታ አየኝ። የአያ ሲሳይን ጥቁር ጥፍሮች ሁለታችንም እናውቃቸዋለን።

«አዎ እምዬ» አልኳት። «ታጥቦ ነው።»

መኪናው ተነሳ። ተቀምጣለች፣ መያዝ አያስፈልጋትም ነበር። ግን እጇን መልሳ መያዣው ላይ አደረገች፤ መቃብሩ ጋ እስክንደርስ ድረስ አልለቀቀችውም።